ፋሲካ ከአጥሩ ውጭ

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ወለተጻድቅ ደመቀ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመዋል? አዲሱን ዓመት የጤናና የሰላም ያድርግልዎ። ጉልበቴን ያመኛል ብለውኝ ነበር፤ እመቤቴ በእጇ ትዳብስልዎ። እኔም ባለቤቴም ልጆቼም ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን።

በስልክ ላማክርዎ ስል «በአፍ የተባለ በነጋታው ይካዳል፤ ቁም ነገር ከሆነ ጻፍልኝ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ሌላ ምን ይላል! ይኸው ጻፍኩ።

ጉዳዩ የጋቲራ ማርያም ደን ነው። አባቶቻችን የአጎት ልጆች ሆነው ያደጉበት፣ እርስዎም እኔም የተወለድንበት አገር። በውጭ ያለን ተወላጆች «የጋቲራ ደን ወዳጆች» የሚል ማኅበር አቁመን፣ ደኑን ዙሪያውን በሽቦ አሳጥረን፣ በር ሠርተን፣ አስጎብኚ ቀጥረናል። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። ያ ስንት መቶ ዓመት የኖረ ጽድ ማገዶ ሆኖ ሲያልቅ መስማት እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አሁን ከዚያ አንዲት ጭራሮ አትወጣም።

በመጪው ግንቦት ልደታ ደግሞ የመታሰቢያ ድንጋይ እንተክላለን። «ግራዝማች ተክለሃይማኖት፤ በ1957 ዓ.ም. ይህን ደን ከመጋዝ ያዳኑ» ተብሎ ይቀረጽበታል። አባቴ በሕይወት ሳሉ የረባ ወግ አላዩም፤ ይህ እንኳ ይድረሳቸው ብዬ ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ ቀን ሄደው ደኑን ይዩልኝና ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ የመንገዱን እኔ እችላለሁ። ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፣ እኔ አምስት። ከዘመድ በሕይወት ያለ ምስክር እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለ አባቴ የሚያስታውሱትን በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙልኝ።

ጎረቤቶችዎን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ወንድምዎ
ጌታቸው ተክለሃይማኖት


ኮልፌ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታቸው

አንተንም ቤተሰብህንም ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ። ጉልበቴን ጠይቀሃል። ጉልበቴስ ዳገቱን ወጥቶ ወርዷል። ያልቻልኩት የሰማሁትን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ብቻዬን መንገድ ስለማልደፍር ጎረቤቴን ዘይቱናን ይዤ ነው። ኮልፌ ገበያ ቅመም የምትነግድ፣ አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ሴት ናት። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ተነሥተን በአምቦ መንገድ ሚኒባስ ያዝን፤ ከአስፋልቱ ስንወርድ በባጃጅ፣ ባጃጁ ዳገቱን እምቢ ሲል በእግር።

ደኑ ግን ደን ነው፣ ጌታቸው። በሐሰት አልጀምርም። በሩን አለፍ ስትል ፀሐዩ ከኋላህ ይቀራል። አንዳንዱን ጽድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ጉሬዛው ከላይ በዘለለ ቁጥር ጤዛው ራሳችን ላይ ይራገፋል። ዘይቱና ሻሿን አጥብቃ ይዛ ሽቅብ እያየች «ሱብሐነላህ! ይሄ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ ነው እኔ የታክሲ ጭስ ስምግ የኖርኩት?» አለች።

አስጎብኚያችን ቤተልሄም የምትባል አንደበተ ርቱዕ ወጣት ናት። በልጅነቴ የሰማሁትን ሁሉ ነገረችን። መናኙ መቋሚያውን ተክሎ ቢያድር ጠዋት ጽድ ሆኖ ማግኘቱን። ጦር በመጣ ጊዜ ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ሲገቡ ዛፎቹ ተጠጋግተው መንገዱን መዝጋታቸውን። መጥረቢያ ይዞ የገባ ሰው ዛቢያው እጁ ላይ እንደሚያቆጠቁጥ። እኔም አፌን ከፍቼ እንደ ልጅ ሰማሁ።

ከትልቁ ጽድ ሥር ስንደርስ «በ1957 ዓ.ም. መጋዝ መጣ» አለች። «ግራዝማች ተክለሃይማኖት ሰይፋቸውን መዘው ከዚህ ዛፍ ፊት ቆሙና፣ መጀመሪያ የኔን አንገት ቁረጡ አሉ።» የለበሰችው ካናቴራ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ የአባትህ ፎቶግራፍ አለ።

«ይህን ማን ነገረሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

«ከማኅበሩ ተጽፎ የመጣ ነው እማማ። እንዲህ በሉ ተብለናል።»

ዘይቱና ፊቴን አየችና «ወለቴ፣ ምነው ጠቆርሽ?» አለችኝ።

ስንገባ አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አይቼ ነበር። ስንወጣም እዚያው ናት፤ ፊቷን ወደ ሽቦው አዙራለች። ዘይቱና ሰው ዝም ብላ አታልፍም። «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው እዚህ የተቀመጡት?» አለቻት።

«እስኪያስገቡኝ ነው።»

ጥበቃው ሳቅ አለ። «እሷ ሁልጊዜ ናት። የአካባቢው ሰው አይገባም፤ እንጨት ይለቅማሉ።»

ዘይቱና ትኬቷን አወጣች። «በኔ ትኬት ትግባ። እኔ አይቼ ጠግቤያለሁ።»

«አይቻልም፤ ትእዛዝ ነው።»

«የማን ትእዛዝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከስዊድን ነው የሚመጣው።»

ቀረብ ብዬ ስሟን ጠየቅኋት። ፋሲካ አለችኝ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስሜን ስነግራት ዝም ብላ ብዙ አየችኝ። ከዚያ «ልጄ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አለች። «ሁለት ቀን ኖሮ ሞተ። ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም አሉኝ፤ ጽድ ሥር በእጄ ቀበርኩት። በየኅዳሩ እየሄድኩ አጠገቡ እውል ነበር። አጥሩ ከመጣ ወዲህ ሁለት ኅዳር አለፈኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ምን እንጨት እሸከማለሁ?»

ይህች ሴት ማን እንደሆነች ካላወቅህ ልንገርህ። በ1957 ኅዳር ላይ አባትህ ያንን ደን ለእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ሸጡት። አዎ፣ ሸጡት! ሲሶው ከወደቀ በኋላ የደብሩ ሴቶች ወጥተው ከቀሩት ዛፎች ሥር ተቀመጡ። አሥራ አንድ ቀን። ከፊት የወጣችው ፋሲካ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። በአሥራ አንደኛው ቀን አባትህ ሰው አስከትለው መጡ። ሴቶቹ ተደበደቡ፤ ፋሲካ በዚያው ምጥ ያዛት። ወሬው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነው መጋዙ የተነሣው። ሰይፍ የመዘዘ ሰው አላየሁም። ያየሁት ዱላ ነው።

እና ያስደበደባት ሰው ስሙ ድንጋይ ላይ ሊቀረጽ፣ የተደበደበችው ከሽቦ ውጭ ልትቀመጥ! ይህን ያህል ይደፈራል? በሩን አስከፍት። ድንጋዩን ተው። ፎቶግራፍ አላነሣሁም። ምስክርነት ጻፊ ብለኸኛል፤ ይኸው ጻፍኩ፤ ፈርሜያለሁም።

ወለተጻድቅ ደመቀ


ጎተንበርግ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተጻድቅ

ያለፉት በዓላት በሰላም እንደዋሉልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የጻፉት በጣም አሳዝኖኛል። የአሥር ዓመት ልጅ ያየችውን ከስድሳ ዓመት በኋላ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይከብዳል። ፋሲካ ለተባሉት እናት ማኅበሩ ጋቢ እንዲገዛላቸው አዝዣለሁ። በሩን በተመለከተ ግን ለአንድ ሰው ከተከፈተ ለሁሉም መከፈቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደን የለም።

ድንጋዩ ተቀርጾ አልቋል፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ስለዚህ የአንድ ገጹ ምስክርነት ይቅር። የምለምንዎ ሌላ ነው፤ እስከ ግንቦት ዝም ይበሉልኝ። ከቻሉ አንዲት መስመር ብቻ፣ «ግራዝማች ያንን ደን ይወዱት ነበር» ብለው ይፈርሙልኝ። ይህ ሐሰት አይደለም። ይወዱት ነበር።

እውነቱን እናውራ ካልሽ ግን እናውራው። የሽያጩን ውል የጻፈው ማን ነው? አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። የጋሽ ደመቀ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከግርጌው «ጸሐፊ ደመቀ» ይላል። አንቺስ በተከታዩ መስከረም አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሽው በምን ተገኝቶ ነው? ያ ጽድ ነው ያስተማረሽ። ያ ጽድ ነው ፖስታ ቤት ያስቀመጠሽ። ደግሞ አባቴ ሞተዋል። ሙት ወቃሽ አትሁኚ።

ጌታቸው


ኮልፌ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጌታቸው

ሰላም ላንተ ይሁን። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወረድህ። አልተቀየምኩም፤ ዘመዳሞች መሆናችን ትዝ ያለህ በንዴት ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ነው የገባኝ። «ከግርጌው ጸሐፊ ደመቀ ይላል» አልከኝ። እንግዲህ ውሉ እጅህ ላይ ነው! እኔ ሞኟ ደግሞ ለዘይቱና ስከራከርልህ ከርሜያለሁ። «አባቱ የነገሩትን ይዞ ነው እንጂ እሱ ምን ያውቃል» እያልኩ። ዘይቱና «ወለቴ፣ የማያውቅ ሰው መልስ ለመጻፍ ሦስት ወር አይፈጅበትም» ስትለኝ ተቆጥቻት ነበር። ወረቀቱን ሣጥንህ ውስጥ ቆልፈህ ነው ድንጋይ ያስቀረጽኸው! ከዚያ ደግሞ ጋቢ! የልጇን መቃብር ከልክለህ ጋቢ! እስካሁን አላመጡላትም፤ ቢያመጡላት በገዛ እጄ እመልሰዋለሁ።

አባቴን ያነሣኸው ልክ ነው። ባለፈው ያስቀረሁት አለ። ፋሲካ ስሜን ስትሰማ ዝም አላለችም፤ «የጸሐፊው ልጅ?» ነው ያለችኝ። ይህን አልጻፍኩልህም። ያንተን አባት ደጋግሜ አንሥቼ የኔን ዘለልኩ። በዚህ ካንተ አልሻልም።

ሌላም አለ፤ እሱን ግን ውሉ ላይ አታገኘውም። በአሥረኛው ቀን አባቴ ጠራኝና ስኳር በእጄ አድርጎ «ሂጂ፣ ሴቶቹ ዘንድ ቁጭ በይ። ማን ማን እንዳለ አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሄድኩ። ፋሲካ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ካላት ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ስመለስ አባቴ ብዕሩን ይዞ ጠየቀኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ አንድም ስም አልረሳሁም። መጀመሪያ የጠራሁት የፋሲካን ነው። በማግሥቱ ሰዎቹ ሲመጡ በቀጥታ ወደ እሷ ሄዱ።

ስድሳ ዓመት ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ባለፈው ሳምንት ከዘይቱና ጋር ተመልሼ ሄድኩ። ፋሲካ ያው ድንጋይዋ ላይ ናት። ቆሜ ነገርኳት። ዘይቱና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ፋሲካ «የመታኝ ሰው የያዘው ዱላ ነው፤ ስም አልነበረም» አለች። ቀጥላ «በሩስ?» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም ይቅር በሉኝ አላልኩም።

እንግዲህ ስማኝ። ግንቦት ልደታ እዚያ እገኛለሁ። ያ ድንጋይ ከተተከለ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ይህን ደብዳቤ አነብበዋለሁ፤ ያንተን አባት፣ የኔን አባት፣ የራሴንም ጉድ። ሙት ወቃሽ አትሁኚ ብለኸኛል። ሙቶቹን ትቻቸዋለሁ። የምወቅሰው በሕይወት ያለነውን ነው።

ወለተጻድቅ


ጎተንበርግ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ወለቴ

ለሰላምታ የሚሆን ፊት የለኝም።

ውሉን አውቀው ነበር። አባቴ ሲሞቱ ከሣጥናቸው ያገኘሁት ነው። አንብቤ፣ አጣጥፌ ወደ ነበረበት መለስኩት። ስለ ሰይፉ ማውራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ለልጆቼ፣ ኋላ ለማኅበሩ። ስደጋግመው እኔም አመንኩት።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። አባቴ ፈረሱ ላይ ከፊታቸው አስቀምጠውኝ ነበር። ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ሠርግ መሰለኝና «ሙሽራዋ የቷ ናት?» አልኳቸው። በጋቢያቸው ሸፈኑኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም። ላስታውስም አልሞከርኩም።

ማኅበሩን ሰብስቤ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ግማሾቹ ተነሥተው ወጡ። ከሊቀ መንበርነቱ ወርጃለሁ። ከመውረዴ በፊት ግን ሁለት ነገር አስወስኛለሁ፤ ድንጋዩ አይተከልም፣ በሩም ከልደታ ጀምሮ ለአካባቢው ሰው ክፍት ይሆናል። የውሉን ዋና ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የመሰለሽን አድርጊበት።

እኔ አልመጣም። የአውሮፕላን ትኬቱን መልሻለሁ። እሷን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ምን ብለሽ እንደምትነግሪያትም አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።

ጌታቸው


ኮልፌ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታቸው

አንተ ሰላምታ ነፈግኸኝ፤ እኔ ግን አልነፍግህም። ሰላም ላንተም ለቤትህም ይሁን።

ውሉ ደርሶኛል። ያው የማውቀው የአባቴ እጅ ነው፤ አንድ ፊደል ከመስመር አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ አምሮ ይጻፋል! ለደብሩ አስተዳዳሪ አስረክቤዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር ተቀምጧል።

በሩን በማስከፈትህ እንዳመሰግንህ አትጠብቅ። የሰው ነገር ወስዶ የመለሰ ሰው ተመስገን አይባልም። ደግሞም ነገሩ ገና አላለቀም። ጥበቃው ካናቴራውን ከነአባትህ ፎቶግራፍ እንደለበሰው ነው። ከማኅበርተኞችህ አንዱ ከወዴት እንደሆነ እንጃ ደውሎ «እማማ፣ በስተርጅና ልማት ማደናቀፍ ምን ይጠቅምዎታል?» አለኝ። የምትለውን በጽሑፍ ላክልኝ አልኩት። ዘጋው። ቤተልሄም ግን ጨዋ ልጅ ናት። ደብተር ይዛ መጥታ «እማማ፣ እውነቱን ያስጽፉኝ፤ ከአሁን በኋላ ያንን አልናገርም» አለችኝ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ስንጽፍ ረፈደ።

በልደታ ዕለት አገሩ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ገባ። ፋሲካን እኔ በቀኝ፣ ዘይቱና በግራ ደግፈን አስገባናት። ዘይቱና ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው። ፋሲካ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው። እሱም አቀረቀረ። አንድም ቃል አልተናገረችውም። እኔ ግን ተናገርኩት፤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከትልቁ ጽድ አለፍን። ቁልቁለቱን ወረድን። «ከምንጩ በላይ ነው» ትላለች። ምንጩ ደርቋል። ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው እየሄደች ግንዱን በመዳፏ ትነካለች፤ ራሷን ትነቀንቅና ታልፋለች። እንዲህ ስትል ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ሁለት ዓመት ባይዘጋባት ኖሮ መንገዱ ከእግሯ ባልጠፋ! በሰማንያ ዓመት ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ በሰባ ዓመቴ አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ ቆመች። «ያኔ ቀጭን ነበር፤ በሁለት እጄ አቅፌው ነበር» አለች። «ጠፋኝ። ሁሉም አድገዋል።»

ዘይቱና ፊቷን አዞረች። እኔም ማልቀሴን ለመደበቅ የምቀመጥበት ድንጋይ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ፋሲካ ግን አላለቀሰችም። ከሁለት ጽድ መካከል ቦታ መርጣ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ እግሯን ዘረጋች። እኛም ከጎኗ ተቀመጥን። የሆነ ጊዜ ላይ «በሩን ማን አስከፈተው?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። «የግራዝማች ልጅ» አልኳት።

«የት ይኖራል?»

«ባሕር ማዶ።»

የተቀመጠችበትን አፈር በመዳፏ እየዳበሰች «ያ ፈረሱ ላይ የነበረው ሕፃን ነው?» አለች።

«ነው።»

«ያን ቀን ስንት ወንድ ነበር እዚህ ቦታ» አለች፤ «ያለቀሰው ግን እሱ ብቻ ነው። ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሲንሰቀሰቅ እየሰማሁት ነው የወደቅሁት። በይው፤ ይምጣ።»

ጌታቸው፣ ይህን ላልጽፍልህ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታገልኩ። እንዲህ በቀላሉ እንዲቀልልህ አልፈልግም። እኔ ብሆን ና አልልህም ነበር፤ አሁንም አልልህም። ንዴቴ እንዳለ ነው። ነገር ግን ቂሙ የሷ እንጂ የኔ አይደለም፤ እሷ ደግሞ ጠርታሃለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ብዙ አታስጠብቃት።

እኅትህ
ወለተጻድቅ